ዜና በኢሜይል ሳጥን፦ መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰፈር

ኮዬ ፈጬም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶም ይሁን ለገጣፎ፣ ከተማው ዳር የሚኖር የኢንተርኔት ተጠቃሚ ሁለት ነገር አይጠፋውም። ዳታ በጥቅል ይገዛል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ የቤቱ ዋይፋይ አብሮ ይሄዳል። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ 4ጂ የነበረው ወደ 3ጂ ይወርዳል፣ አንድ የዜና ገጽ ለመክፈት ባዶ ስክሪን እያዩ መጠበቅ ይመጣል።

ኢሜይል ለእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ይመቻል። መልእክቱ ሰርቨር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ኔትወርክ ብቅ ሲል ይወርዳል፤ አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይነበባል። ድረ ገጽ ይህ ትዕግሥት የለውም። ዜናንና ኢሜይልን አንድ ሳጥን ውስጥ የማንበብ ሐሳብ እኛ አካባቢ ቅንጦት የማይሆነው ለዚህ ነው። የሚያዋጣውን መንገድ ከማያዋጣው ለመለየት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ፊዱን ከድረ ገጹ የሚያመጣው ማን ነው? የእናንተ ማሽን ወይስ ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር?

ፊድ የምንለው አንድ ድረ ገጽ የቅርብ ጽሑፎቹን ርዕስ፣ ሊንክ፣ ቀንና ጽሑፍ ደርድሮ የሚያስቀምጥበትን የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ጽሑፉ አንዳንዴ ሙሉው፣ አንዳንዴ መግቢያው ብቻ ይሆናል። አርኤስኤስ የሚባለው የፊድ ዓይነት በ1999 ከኔትስኬፕ ወጣ፤ ዛሬ በብዛት የምናገኘው አርኤስኤስ 2.0 የ2002 ነው፤ አተም የሚባለው ሌላው ዓይነት በ2005 መደበኛ ሰነድ ሆኖ ታተመ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። የሁለቱ ልዩነት ለአንባቢ ግድ አይሰጥም፤ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ለሚጽፍ ሰው ግን ይሰጣል፤ ቆይተን እንመጣበታለን።

ዌብሜይሎቹ ጀምረው የተዉት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦድፖስት የሚባል የዌብሜይል አገልግሎት ኢሜይልና ፊድን ጎን ለጎን ያስነብብ ነበር፤ ያሁ በ2004 ገዛውና አዲሱን ያሁ ሜይል በእሱ ላይ ሠራ። በ2005 መጨረሻ የያሁ ሜይል የሙከራ ሥሪት ፊድን ከኢንቦክስ ሥር እንደ አንድ ፎልደር አስገባ። ጂሜይል በዚያው ሰሞን ‹ዌብ ክሊፕስ› የሚል ነገር አመጣ፤ ከመልእክቶቹ ዝርዝር በላይ አንዲት መስመር ትታይና አንዴ የዜና ርዕስ፣ አንዴ ማስታወቂያ ታሳያለች። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የያሁው ፊድን እንደ መልእክት ቆጥሮ አስቀምጦ ያስነብባል፤ የጂሜይሉ ጌጥ ነበር፤ ካለፈ አለፈ፣ ተመልሶ አይገኝም።

ጉግል የንባቡን ሥራ ‹ጉግል ሪደር› ለሚባል ለብቻው ለቆመ አገልግሎት ሰጠው፤ ጥቅምት 2005 ጀምሮ ሐምሌ 1 ቀን 2013 ዘጋው። ዛሬ ጂሜይል፣ ያሁ ሜይል ወይም በድር የሚከፈተው አውትሉክ ውስጥ የፊድ አድራሻ የሚለጠፍበት ቦታ አታገኙም። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የቆየው አውትሉክ ከ2007ቱ ሥሪት ጀምሮ ፊድ ያነባል፤ ‹አዲሱ አውትሉክ› ግን ይህን ይዞ አልመጣም። በእኛ ግምት ምክንያቱ ቴክኒካዊ አይደለም። 30 ፊድ ያስገባ ሰው በሳምንት ውስጥ ‹ያልተነበበ› ቁጥሩ ሺዎች ይገባና ሳጥኑን መክፈት ያስጠላዋል፤ የፖስታ አገልግሎት ሰጪ ደግሞ ሰው ከሳጥኑ እንዲሸሽ አይፈልግም።

የቀረ የለም ማለት ግን አይደለም። ድርጅቶች በራሳቸው ሰርቨር የሚያስተዳድሩት ዚምብራ ዛሬም ፊድ ይቀበላል፦ በክላሲኩ ገጽ አዲስ ፎልደር ስትፈጥሩ ‹ሰብስክራይብ ቱ አርኤስኤስ/አተም ፊድ› የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ አድራሻውን ትለጥፋላችሁ። የመሥሪያ ቤታችሁ ኢሜይል ዚምብራ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ማቆም ትችላላችሁ፤ የምትፈልጉት በእጃችሁ ነው። ፊዱ በየስንት ሰዓቱ እንደሚታደስ የሚወስነው የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ስለሆነ ‹ቶሎ አይመጣም› የሚል ቅሬታ ካለ ለእሱ ነው የሚነገረው። ቪቫልዲ የሚባለው ብራውዘርም ከ2022 ጀምሮ የተጠናቀቀ የኢሜይልና የፊድ ማንበቢያ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ላፕቶፕ ላይ፦ ተንደርበርድ

በጣም የታወቀው መንገድ ተንደርበርድ የሚባለው ነጻ የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ከ2004 ጀምሮ ፊድ ያነባል። ‹አካውንት ሴቲንግስ› ገብታችሁ ከታች ‹አካውንት አክሽንስ› የሚለውን ከፍታችሁ ‹አድ ፊድ አካውንት› ትላላችሁ። በግራ በኩል አዲስ አካውንት ይታያል፤ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ‹ሰብስክራይብ›፣ አድራሻውን መለጠፍ፣ ‹አድ›። አለቀ።

ካለቀ በኋላ መነካት ያለባቸው ሁለት ቅንብሮች አሉ፤ ሁለቱም ከዳታ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንደኛው ጽሑፍ ሲከፈት ሙሉውን ድረ ገጽ እንዳይጭን ማድረግ ነው፤ በፊድ አካውንቱ ቅንብር ውስጥ ‹ማጠቃለያውን አሳይ› የሚለው ምልክት መደረግ አለበት። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጡበት የተለመደ ኮድ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 600 ቃል ያለው ጽሑፍ ከነክፍተቱ 9 ኪሎባይት ገደማ ነው። ያንኑ ጽሑፍ የያዘው ድረ ገጽ ከነሥዕሉ፣ ከነማስታወቂያውና ከነስክሪፕቱ 2 ሜጋባይት መሆኑ የተለመደ ነው። ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ፊዱ ውስጥ ያሉት ሥዕሎችም እንዳይወርዱ ከፈለጋችሁ ‹ቪው› ሥር የፊድ ጽሑፍ አቀራረቡን ‹ፕሌይን ቴክስት› አድርጉት።

ሁለተኛው ድግግሞሹ ነው። 20 ፊድ ይኑራችሁ፣ እያንዳንዱ ፋይል 50 ኪሎባይት ይሁን፣ በየ30 ደቂቃው ይጠየቅ። ድረ ገጾቹ ፋይሉን ሁልጊዜ እንዳለ የሚልኩ ከሆነ በቀን 48 ሜጋባይት ይሄዳል፤ አንድም ጽሑፍ ሳታነቡ። በደንብ የተዋቀረ ድረ ገጽ ግን ‹ካለፈው ወዲህ አልተቀየረም› ብሎ 304 የሚል አጭር መልስ ብቻ ይሰጣል፤ ያኔ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። የትኛው ድረ ገጽ እንደዚያ እንደሚያደርግ ከውጭ ስለማይታይ፣ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሰው ድግግሞሹን ወደ 4 ወይም 6 ሰዓት ቢያወጣው ይሻላል። የሌሊት ጥቅል የሚገዛ ደግሞ አውቶማቲኩን አጥፍቶ ከመተኛቱ በፊት ‹ጌት ሜሴጅስ› ብሎ በእጁ ማምጣት ይችላል።

እንግዲህ የተንደርበርድ ጥንካሬ የወረደው ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ መቀመጡ ነው። መብራት ሄዶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ባትሪው እስካለ ድረስ ይነበባል። ድክመቱ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ከተማ ዳር ላለ ሰው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ፊድ ያለፈውን ሁሉ የያዘ መዝገብ አይደለም። ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ድረ ገጽ ባለቤቱ ካልቀየረው በፊዱ ውስጥ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው። በቀን 25 ዜና የሚያወጣ ሚዲያ ከሆነ አንድ ጽሑፍ ፊዱ ላይ የሚቆየው ከግማሽ ቀን ያነሰ ነው። መብራት ከጠዋት እስከ ማታ ጠፍቶ ላፕቶፑ ተዘግቶ ከዋለ፣ ማታ ሲከፈት የሚመጡት የመጨረሻዎቹ 10 ናቸው፤ የቀሩት 15ቱ መኖራቸውም አይታወቅም። ተንደርበርድ ‹አመለጠህ› አይልም፤ ሊያውቅም አይችልም።

ሌላው ስልክ ነው። የአንድሮይዱ ተንደርበርድ ፊድ አያነብም። ላፕቶፑ ላይ የወረደን ጽሑፍ ጎትታችሁ የኢሜይል አካውንታችሁ ፎልደር ውስጥ ብትጥሉት ስልክ ላይም በዌብሜይልም ይገኛል፤ ለተመረጡ ጽሑፎች ደህና ነው፣ ለዕለት ዜና ግን አድካሚ ነው።

ሰርቨር ያምጣው፣ ኢሜይል ያድርሰው

ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ፊዱን የሚጠይቀው መብራት የማይጠፋበት ቦታ ያለ ሰርቨር ሆኖ ውጤቱን እንደ ተራ ኢሜይል እንዲልክ ማድረግ ነው። ዌብሜይሉ ፊድ ማንበብ ባይችልም ኢሜይል መቀበል አያቅተውም።

ቀላሉ በዝግጁ አገልግሎት መጠቀም ነው። ብሎግትሮተር ለምሳሌ የፊድ አድራሻና የኢሜይል አድራሻ ይቀበላል፤ ወዲያው ወይም ተጠራቅሞ እንዲላክ ትመርጣላችሁ፤ ነጻው አገልግሎት ማስታወቂያ ይጨምርበታል። የራሱ ሊኑክስ ሰርቨር ያለው ሰው አርኤስኤስቱኢሜይል የሚባለውን ክፍት ፕሮግራም መጠቀም ይችላል፤ አሜሪካዊው ፕሮግራመር አሮን ስዋርትዝ የጀመረው ነው። በነገራችን ላይ ቀድሞ በብዙ ብሎጎች ጎን ‹በኢሜይል ይከታተሉ› የሚል ሣጥን የነበረው በፊድበርነር በኩል ነበር፤ ጉግል ያንን በ2021 አቆመው። አሮጌ ብሎግ ላይ ተመዝግባችሁ ምንም ካልመጣላችሁ ምክንያቱ ሳይሆን አይቀርም።

በነጻ የሚገኘውና በፈለጋችሁት መንገድ የሚታዘዘው ግን ጉግል አፕስ ስክሪፕት ነው፤ የጻፋችሁት ስክሪፕት በጉግል ሰርቨር ላይ የሚሠራበት አገልግሎት ነው። የጂሜይል አካውንት ይበቃዋል፤ ክሬዲት ካርድ አይጠይቅም፤ ይህ እዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አዲስ ፕሮጀክት ከፍታችሁ መጀመሪያ በ‹ፕሮጀክት ሴቲንግስ› የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጉት። ከዚያ ስክሪፕቱ የፊዶቹን አድራሻ ዝርዝር አንድ በአንድ ይዞ በ‹ዩአርኤል ፌች አፕ› ያመጣል፣ በ‹ኤክስኤምኤል ሰርቪስ› ይተነትናል፣ የእያንዳንዱን ጽሑፍ መለያ (ጂዩአይዲ) ቀድሞ ከተቀመጠው ዝርዝር ጋር ያስተያያል፣ አዲስ የሆነውን ብቻ ወደ አንድ ጽሑፍ ይሰበስባል፣ በመጨረሻ በ‹ሜይል አፕ› አንድ ኢሜይል ይልካል። የታየውን ዝርዝር የሚያስቀምጠው ‹ፕሮፐርቲስ ሰርቪስ› ነው። ሃምሳ መስመር አይሞላም።

የሚበላሸው ግን እዚህ እዚህ ጋ ነው፦

አተም ፊድ ላይ ምንም አያገኝም። ስህተትም አያሳይም፣ ዝም ይላል። አተም ስም-ክልል (ኔምስፔስ) ስላለው ‹ኤንትሪ› የሚለውን ስትፈልጉ ስም-ክልሉን አብራችሁ ካልሰጣችሁ ባዶ ይመልሳል። ብሎገር ላይ ያሉ ብሎጎች የሚሰጡት አተም ነው፤ አድራሻው መጨረሻ ላይ ‹?alt=rss› ብትጨምሩ በአርኤስኤስ ይሰጣችኋል፣ ነገሩም ይቀላል።

አንድ የታመመ ፊድ ሁሉንም ያስቆማል። ኤክስኤምኤል ምሕረት የለውም፤ ርዕስ ውስጥ አንዲት ‹&› ምልክት በትክክል ሳትጻፍ ከቀረች ፋይሉ በሙሉ ውድቅ ነው። የእያንዳንዱን ፊድ ሥራ ለብቻው በ‹ትራይ ካች› (ስህተት ቢፈጠርም ሥራው እንዲቀጥል በሚያደርገው ትእዛዝ) ክበቡት፤ የወደቀው ፊድ ስም በኢሜይሉ ግርጌ ይጻፍ። ያለዚያ ሳምንት ሙሉ ዜና የሌለ ይመስላችኋል።

ፊደሉ ወደ እንግዳ ምልክት ይቀየራል። አንዳንድ ሰርቨር ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሳለ ሌላ ዓይነት ነው ብሎ ያስተዋውቃል። የመጣውን ጽሑፍ ስትወስዱ ‹ዩቲኤፍ-8› ብላችሁ በግድ ንገሩት።

የታየው ዝርዝር ይሞላል። አንድ ፕሮፐርቲ ከ9 ኪሎባይት በላይ አይዝም። መለያው 60 ቁምፊ ከሆነ 100 መለያ 6 ኪሎባይት ነው፣ ይበቃል። ነገር ግን በመለያው ፋንታ ሊንኩን ካስቀመጣችሁ፣ ሊንኩም አማርኛ ርዕስ የያዘ ከሆነ፣ አድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ተመስጥሮ 9 ቁምፊ ይሆናል፤ አንድ ሊንክ 200 ቁምፊ ያልፋል፣ ሃምሳኛው ሳይደርስ ስክሪፕቱ ይቆማል። መለያውን ተጠቀሙ፤ ከሌለው ሊንኩን በሐሽ (ከጽሑፉ አጭር ኮድ በሚያወጣ ስሌት) አሳጥሩት።

ቅደም ተከተልም አለ፦ መጀመሪያ ላኩ፣ ከዚያ ‹ታይቷል› ብላችሁ መዝግቡ። ተገልብጦ ከሆነ መላኩ በከሸፈበት ቀን የነበረው ሁሉ ታይቷል ተብሎ ይጠፋል።

ስክሪፕቱ ሲሠራ ሁለት ‹ትሪገር› (በሰዓቱ የሚያስነሳው ትእዛዝ) ስጡት። አንዱ በየ2 ሰዓቱ ፊዶቹን እየጠየቀ አዲሱን ያጠራቅም፤ ሌላው በቀን አንዴ የተጠራቀመውን ይላክ። ያ 10 ጽሑፍ ብቻ የሚይዝ ፊድ አያመልጣችሁም፣ ኢሜይሉም አይበዛም። ሲጠራቀም ጽሑፉን እዚያው ፕሮፐርቲ ውስጥ ማስቀመጥ ስለማይበቃ፣ ጉግል ሺት ላይ በረድፍ በረድፍ ይጻፍ፤ ያኔ ‹ታይቷል› የሚባለው ሺቱ ላይ ከተጻፈ በኋላ ነው፣ ከሺቱ የሚነሳው ደግሞ ከተላከ በኋላ። የቀኑን ትሪገር ስታስቀምጡ ማሽኑ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ‹6 ኤኤም እስከ 7 ኤኤም› ማለት ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ነው፣ ትክክለኛውን ደቂቃ ግን ጉግል ነው የሚመርጠው። ታክሲ ወይም አውቶቡስ ላይ ለሚነበብ ዜና ከንጋቱ 11 እስከ 12 (‹5 ኤኤም እስከ 6 ኤኤም›) ያለው ይሻላል፤ ከቤት ሳይወጣ ይወርዳል። ነጻ አካውንት በቀን ወደ 100 ተቀባይ መላክና በአንድ ጊዜ 6 ደቂቃ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ ስታስነሱት ‹ያልተረጋገጠ አፕ› የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ራሳችሁ የጻፋችሁት ከሆነ ‹አድቫንስድ› ብላችሁ እለፉ፤ ሌላ ሰው የሰጣችሁ ስክሪፕት ከሆነ ግን ኢሜይላችሁን የማንበብ ፈቃድ እየጠየቀ እንዳይሆን አንብቡት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መላክ፣ ከውጭ ማምጣትና ሺቱ ላይ መጻፍ ብቻ ነው።

ኢሜይሉ ከ102 ኪሎባይት ካለፈ ጂሜይል ቆርጦ ‹ሙሉውን መልእክት ይመልከቱ› የሚል ሊንክ ያስቀምጣል፤ ያን ለመክፈት ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሲሆን መቶ ሺህ ፊደል የሚይዘው ቦታ ለአማርኛ 34 ሺህ ገደማ ነው፣ የኤችቲኤምኤሉ ማስጌጫም ከዚያው ይቀነሳል። ሙሉ ጽሑፍ የምትልኩ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ጽሑፍ በአንድ ኢሜይል፣ የቀረው በሁለተኛ። ማስጌጫ አታብዙ፤ ርዕስ፣ ምንጭ፣ ጽሑፍ፣ ሊንክ ይበቃል።

ስልክ ላይ እንዲገኝ

ኢሜይሉን ኢንቦክስ ውስጥ ከደብዳቤ ጋር አትቀላቅሉት። ጂሜይል ከስማችሁ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና የፈለጋችሁትን ቃል ቢጨመርበት ወደዚያው ሳጥን ያደርሳል። ስክሪፕቱ ወደዚያ ባለመደመር አድራሻ ይላክ፤ ከዚያ ‹ቱ› የሚለው ላይ ያንን አድራሻ የያዘ ፊልተር ሥሩና ‹ስኪፕ ዘ ኢንቦክስ› እና ‹አፕላይ ዘ ሌብል› ምረጡ። ፊልተር በስልኩ አፕ አይሠራም፤ በብራውዘር ገብታችሁ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ይመጣል። አንድሮይድ ላይ ያለው ጂሜይል የእናንተን ሌብል ቀድሞ እንዲያወርድ መታዘዝ አለበት። ሴቲንግስ፣ አካውንታችሁ፣ ‹ማኔጅ ሌብልስ›፣ ሌብሉ፣ ‹ሲንክ ሜሴጅስ›፣ ከዚያ ‹ላስት 30 ዴይስ›። ይህ ካልተደረገ ኢሜይሉ መድረሱን እንጂ ጽሑፉን ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ኔትወርክ በሌለበት ስትከፍቱት ባዶ ነው። እዚያው አካውንት ቅንብር ውስጥ የውጭ ሥዕሎችን ‹ሳትጠይቅ አታሳይ› አድርጉት።

አማርኛ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ

ዝግጁ አገልግሎቶች በአብዛኛው የተፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው። ርዕስ ላይ የሚታየው ብልሽት ደግ ምሳሌ ነው። የኢሜይል ርዕስ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ሲሆን ተመስጥሮ በየቁርጥራጩ ይላካል፤ አንድ ቁራጭ ከነመክፈቻና መዝጊያ ምልክቱ ከ75 ቁምፊ አይበልጥም፣ ለጽሑፉ የሚተርፈው 45 ባይት ነው። ክፍተት 1 ባይት፣ ፊደል 3 ባይት። ‹የቱሉ ዲምቱ መንገድ ጥገና ሊጀመር ነው› የሚል ርዕስ ብንወስድ፣ ‹የቱሉ ዲምቱ መንገድ ጥገና› ከመጨረሻው ክፍተት ጋር 43 ባይት ይሞላል። ‹ሊ› ከ44ኛው እስከ 46ኛው ባይት ላይ ትቀመጣለች። ግድየለሽ ላኪ 45 ላይ ሲቆርጥ ‹ሊ› ሁለት ባይቷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ ይቀራል፤ ተቀባዩ ጋ በእሷ ቦታ በጥቁር ዳይመንድ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ይወጣል፣ ‹ጀመር ነው› ደግሞ ደህና ሆኖ ይከተላል። መስፈርቱ አንድን ፊደል ለሁለት መቁረጥን ይከለክላል፤ የማያከብር ግን አለ። ርዕሳችሁ ላይ ሁሌ አንድ አካባቢ ጥያቄ ምልክት ካያችሁ ስልካችሁን አትውቀሱ፤ ላኪውን ቀይሩ። አፕስ ስክሪፕት ይህ ችግር የለበትም።

ፊልተር በቃል መሥራት ሌላው ነው። ‹መብራት› የሚል ዜና ብቻ ለይቶ ለማስቀመጥ ስታስቡ ጂሜይል የሚፈልገው ሙሉ ቃል መሆኑን አስታውሱ። ‹የመብራት›፣ ‹በመብራት›፣ ‹መብራቱ›፣ ‹መብራትና› ለእሱ ሌላ ሌላ ቃል ናቸው። ተንደርበርድ ‹ኮንቴይንስ› በሚለው ፊልተሩ ቃሉን በሌላ ቃል ውስጥም ያገኘዋል፤ ስክሪፕቱም እንደዚያው። ስለዚህ መለየቱን ከመላኩ በፊት ስክሪፕቱ ውስጥ ጨርሱት። ከማስተያየቱ በፊት ሐ፣ ኀ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ፣ ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይመለሱ። አንዱ ጋዜጣ ‹ሠራተኛ›፣ ሌላው ‹ሰራተኛ› ይላል፤ ‹ዓመት› እና ‹አመት›ም እንዲሁ።

ቀንም ያሳስታል። የፊድ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ከነሰዓት ልዩነቱ ነው የሚጻፈው። ድረ ገጹን የሠራው ሰው የኢትዮጵያን ዓመት እዚያ ቦታ ካስገባ ጽሑፉ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የወጣ ይመስልና ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀበራል፤ አሮጌ መልእክት የሚያጠፋ ቅንብር ካላችሁ ደግሞ ሳይታይ ይጠፋል። ድረ ገጹ የሰዓት ቀጠናው ሳይስተካከል ሰዓቱ ብቻ በእኛ አገር ከተጻፈ ጽሑፉ 3 ሰዓት ወደፊት የወጣ ይሆናል። ስክሪፕት ስትጽፉ አዲስነትን በቀን አትለኩ፤ በመለያው ለኩ።

መለያውም ቢሆን ይቀየራል። ድረ ገጹ አድራሻውን ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሲያዞር ወይም ስሙን ሲቀይር አንዳንዱ ፊድ የቆየውን ሁሉ እንደ አዲስ ይልካል። አንድ ቀን ጠዋት የድሮ ዜና ሲጎርፍ ካያችሁ ይኸው ነው፤ በማግስቱ ራሱ ይረጋጋል።

ፊዱ የት አለ?

ዎርድፕሬስ ከሆነ ከአድራሻው መጨረሻ ስላሽና ‹ፊድ› የሚለውን ቃል በላቲን ጨምሩ። አንድ ዓምድ ብቻ ለመከታተልም የዓምዱን ገጽ አድራሻ ይዛችሁ ያንኑ ትጨምራላችሁ። ሌላ ዓይነት ከሆነ የገጹን ምንጭ ከፍታችሁ ‹አልተርኔት› የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ አጠገቡ ‹አርኤስኤስ› ወይም ‹አተም› ካለ አድራሻው እዚያው ነው። ቢቢሲ አማርኛ ፊድ አለው፤ የሚሰጠው ግን ርዕስና አንድ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ ሙሉውን ለማንበብ ገጹን መክፈት ግድ ነው። ዩቲዩብ ለእያንዳንዱ ቻናል የመጨረሻዎቹን 15 ቪዲዮዎች የያዘ ፊድ ይሰጣል፤ ርዕሱን በኢሜይል አይቶ የትኛው ዳታ እንደሚገባው ለመወሰን ይረዳል።

የከተማ ዳር ነዋሪ በጣም የሚፈልገው ግን የመብራትና የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የጨረታና የዕጣ ዝርዝር ነው፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው የሚለጠፈው። ፌስቡክ ፊድ አይሰጥም። ቴሌግራምም ራሱ አይሰጥም፤ ይሁንና የሕዝብ ቻናሎች በብራውዘር የሚታይ ገጽ አላቸው፣ አርኤስኤስሐብ የሚባለው ክፍት ፕሮግራም ከዚያ ገጽ ፊድ ይሠራል። ለሁሉም ክፍት የሆኑት የአርኤስኤስሐብ ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ ይጨናነቃሉ፤ ጠቃሚ ቻናል ከሆነ በራስ ሰርቨር ማስነሳት ይሻላል። ማስታወቂያው ጽሑፍ ሳይሆን የደብዳቤ ፎቶ ሆኖ ከተለጠፈ ግን ፊዱም አያድናችሁም፤ ኢሜይሉ ውስጥ ባዶ መስመርና ሊንክ ነው የሚመጣው።

የዎርድፕሬስ ድረ ገጽ ያላችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ ‹ሴቲንግስ› ሥር ‹ሪዲንግ› ግቡና በፊዱ የሚወጡትን ጽሑፎች ብዛት ከ10 ወደ 40 ቀይሩት፣ ከሥሩ ያለውንም ‹ፉል ቴክስት› አድርጉት። ፋይሉ ይከብዳል ብላችሁ አትስጉ፦ የአማርኛ መደበኛ ፊደላት በሙሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ጂዚፕ በደንብ ይጨምቃቸዋል፤ ሰርቨራችሁ ላይ ጂዚፕ መሥራቱን ብቻ አረጋግጡ።